የሲስተር ሰዓዳ ቅንድብ

ቆይ፣ ወንድ ዕጩ ቅንድብ የለውም እንዴ? እውነቴን እኮ ነው የምጠይቃችሁ።

እኔ ጅዳ፣ ሂንዳዊያ ሰፈር ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። ፀጉር ቤትን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ እጅ ፀጉር ይሠራል፣ ጆሮ ወሬ ይሰበስባል። እዚህ ያለን የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን የሊቀመንበር ምርጫ ሲደርስ ግን የሰማሁትን ጆሮዬም አልቻለው። ከዕጩዎቹ ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ሲስተር ሰዓዳ። ነርስ ናት፣ የኮምቦልቻ ልጅ።

የዕጩዎቹ ፎቶ በማኅበሩ ገጽ ላይ ወጣ። አንደኛው ኢንጂነር ናቸው፤ የሸሚዛቸው ቁልፍ ሆዳቸው ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ከሥር ምን ተጻፈላቸው? «ስለ ማኅበሩ ትምህርት ቤት ምን አስበዋል?» ለሰዓዳስ? «ሻሿ ወደ ኋላ ሸሸ»፣ «የከንፈሯ ቀለም በዛ»፣ «ባል አላት?» የኛ ሰው የሚያዳምጠው የኢንተርኔት ሬዲዮ ደግሞ «ውቧ ዕጩ» ብሎ ርዕስ አወጣላት። ደነገጠችና ኩሉንም ቀለሙንም ትታ ሌላ ፎቶ ላከች። «ምነው፣ አመማት እንዴ?» ተባለ። ወላሂ፣ ሰው ምን ይሁን?

አንድ ቀን ከሥራ ወጥታ መጣችና ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። «ሐሊማ፣ ልተወው መሰለኝ። ማደሪያ ላጡ ሕሙማን ሴቶች ማረፊያ ቤት እንክፈት ብዬ የጻፍኩትን ያነበበ ሰው እንኳ የለም» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

የኔ ንዴት ከሷ ባሰ። ለምን በሉኝ።

ከዚህ በፊት መካ፣ ጀርወል ሰፈር፣ ሰው ቤት ስሠራ ታምሜ ሆስፒታል ገባሁ። ማዳም አንዴ ጠይቃኝ ጠፋች። ሰዓዳን አላውቃትም ነበር። አንዲት ሐበሻ ብቻዋን ተኝታለች ሲባል ሰምታ፣ በእረፍት ቀኗ ከጅዳ መጣች። ደግማም መጣች። ከሆስፒታል ስወጣ የምሄድበት አልነበረኝም፤ ቤቷ ወሰደችኝ። ፀጉሬ በመኝታ ብዛት እንደ ድርቆሽ ተቋጥሯል። «ቁረጪልኝ» ብላት፣ «ምን በወጣው!» አለች። የላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ሞቅ ባለ ውሃ አጥባ፣ ዘይት ቀብታ፣ ቀስ እያለች ፈታችው። በበሽታው ያላለቀስኩት ሴትዮ ያኔ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሲሻለኝ ካፊል፣ ማለት ዋስ የሚሆነኝን አሠሪ፣ ቀይሬ እዚህ ፀጉር ቤት የገባሁትም በሷ ምክር ነው። እና ይቺን ሴት ነው የከንፈሯ ቀለም በዛ የሚሏት?

«አትተይውም!» አልኳት።

«ምን ልምሰል ታዲያ?»

«ራስሽን!» አልኩና ቅንድቧን ራሷ እንደምትወደው አድርጌ ሠራሁላት።

ዕጩዎቹ የሚከራከሩበት ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ከአል-ባላድ ገበያ ሱቁን ዘግቶ የመጣ አለ፤ ማዳሟን ለምና የመጣች አለች። የሬዲዮው ጋዜጠኛ ኢንጂነሩን ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቃቸው። ሰዓዳ ጋ ሲደርስ ፈገግ አለና፣ «ሲስተር፣ ዛሬ ደምቀዋል፤ ቅንድብዎን ማን ሠራልዎት?» አይላትም!

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰዓዳ ግን ማይኩን ጠጋ አድርጋ፣ «ሐሊማ ናት፤ ያቻትላችሁ፣ እጇ ይባረክ። ኢንጂነርን ጢማቸውን ማን እንደሚላጫቸው ስላልጠየቅካቸው ሰዓት ተርፎናል። በተረፈው ስለ ማረፊያ ቤቱ ልናገር» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኢንጂነሩም ጢማቸውን እየዳበሱ ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ ሰዓዳ ቀጠለች። ከሆስፒታል ወጥታ ማደሪያ ስላጣች ሴት ተናገረች። ስሜን አላነሳችም። እኔ ግን ብድግ አልኩ። «ያቺ ሴት እኔ ነኝ» አልኩ። ከኋላዬ አንዲት ልጅ ተነሣች። «እኔም» አለች። ደግሞ ሌላዋ ተነሣች።

አሸነፈች፤ አልሐምዱሊላህ! ሬዲዮውስ ምን አለ? «አዲሷ ሊቀመንበር በአረንጓዴ ቀሚስ አምረው...» እሱን ተዉት። ማረፊያ ቤቱ ተከፈተ። አርብ አርብ እየሄድኩ የታመሙትን ፀጉራቸውን አጥባለሁ። እጄ ውሃው ውስጥ ሲገባ «ያ ረቢ፣ ለሰዓዳ ዕድሜ ስጥልኝ» እላለሁ።

ይኸው ነው። እናንተም ሴት ዕጩ ስታዩ ሐሳቧን ጠይቁ፣ መልኳን ተዉት ልላችሁ ነበር። ግን በየት አፌ? ከዚያ ቀን ወዲህ ፀጉር ቤታችን መቆሚያ የለው፤ የገባችው ሁሉ «የሲስተርን ቅንድብ ሥሪልኝ» ነው። መልክ ታጥቦ አይጠጣም ይላሉ አበው። አበው ይህን ሲሉ ፀጉር ቤት አልነበራቸውም።