አጋር-አጋር ለሽማግሌዎች

ትዳር የሚያፈርሰው ድንቁርና ነው ያላችሁ ማነው? ውሸቱን ነው! ትዳር የሚያፈርሰው ዕውቀት ነው… እሱም ገና ያልተመሠረተውን ትዳር! የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ የምናገረው ከልምድ ነው።

የባለቤቴ ታናሽ እህት ሠናይት ከቤሩት ከተመለሰች ወዲህ ሚዛን ተፈሪ እኛው ቤት ናት። እናት አባት ስለሌላት እንደ አባት የምቆምላት እኔ ነኝ። (እዘኑላት!) አንድ የቴፒ ቡና ነጋዴ ወደዳት፣ ወደደችው። ሠርጉ ለጥር እንዲደርስ ብሎ ቡናው በሚለቀምበት ሰሞን፣ የነቢያት ጾም ገብቶ ሳለ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹም አባባ ወልዴ የሚባሉ ጾም አጥባቂ የሸኮ ገበሬና ከጅማ መጥተው እዚህ ሱቅ የከፈቱት ሐጂ ከድር ነበሩ።

ሠናይት ለሁለቱም የሚሆን ጣፋጭ ልሥራ አለች። "ማርጊያው ጄላቲን አይሆንም ጋሼ፣ ከአጥንት ነው የሚሠራው። የአባባን ጾም ያስገድፋል፤ ለሐጂ ደግሞ የምን አጥንት እንደሆነ ማን ያውቃል?" ብላ ከሻንጣዋ አንድ ነጭ ዱቄት አወጣች። አጋር-አጋር! የአናናስ ጭማቂ ውስጥ አፍልታ ሳህን ላይ ገለበጠችው። መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቶ ነበር፤ እሱ ግን ፍሪጅ ሳያምረው ረጋ። ሲነኩት የሚንቀጠቀጥ ቢጫ ነገር ሆነ።

"ጋሼ፣ ምንድነው ካሉህ የአናናስ ጣፋጭ ነው በል። አለቀ።"

"አለቀ!" አልኳት።

ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ ሰማን፤ እሺ አልን፤ ተቀመጡ። መቼም ታውቃላችሁ፣ ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ እህል አይቀምስም። ከቀመሰ ነገሩ ተቋጨ ማለት ነው። ቀምሶ የተወ እንደሆነ ግን ነገሩ ፈረሰ… እሱን እንዳታዩት!

ምሳው ተበላ፤ ጣፋጩ ቀረበ። ሐጂ "ማሻአላህ! ጥርስም አያስቸግር!" አሉ። አባባ ወልዴ ሁለተኛ አስጨመሩ።

"መምህር፣ ለመሆኑ ይሄ ምንድነው?"

"የአናናስ ጣፋጭ ነው አባባ።"

እናንተ ብትሆኑ እዚህ ላይ ታቆማላችሁ። እኔ ግን ጥያቄ ስሰማ ጠመኔ የያዝኩ ይመስለኛል።

"የሚያረጋው አጋር-አጋር ይባላል" ብዬ ቀጠልኩ። "የእኛው አጋር እንዳይመስላችሁ፤ ቃሉ ከሩቅ ምሥራቅ፣ ከማላዮች ቋንቋ የመጣ ነው። ባሕር ውስጥ የሚበቅል ሣር መሰል ነገር አለ፣ ከእሱ የሚወጣውን ማርጊያ በዚህ ስም ይጠሩታል።"

የአባባ ወልዴ ማንኪያ አየር ላይ ቆመ። "ከባሕር? እንደ ዓሣ?"

"ኧረ ሣር ነው!"

"ዓሣውስ እዚያው አይደል የሚኖረው? ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እየተባለ ስንት ሰው ተኳርፏል! እኔን በዚህ ዕድሜዬ ምን አስነካኸኝ?"

ባለቤቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የእኔ አፍ ግን መዝጊያም የለው። ላረጋጋቸው ብዬ ምን ብል ጥሩ ነው?

"አይስጉ አባባ፣ በዓለም የታወቀ ነገር ነው! እኛ ኮሌጅ እያለን ጀርም የምናበቅለው በዚሁ ላይ ነበር!"



"ምኑን ነው የምታበቅሉት?" አሉ ሐጂ ቀስ ብለው።

"ጀርም… ከአፍንጫችን በጥጥ ወስደን… እላዩ ላይ…"

ሐጂ አፋቸው ውስጥ የነበረውን የት እንዳደረሱት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱም ማንኪያቸውን አስቀምጠው ሳይመርቁን ወጡ። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ሲባል የሰማሁት ለካ ስለ እኔ ኖሯል!

ወዲያው ሙሽራው ደወለ። "ቀምሰን ተውነው አሉኝ! ምን አድርጋችኋቸው ነው?" ሠናይት አለቀሰች። "ቤሩት ያንን ሁሉ ችዬ መጥቼ፣ በአናናስ ጣፋጭ ሳላገባ ልቅር?" ስትል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሸኮ፣ አባባ ወልዴ ቤት ወረድኩ። የሴት ወገን ለሽማግሌ ሽማግሌ ሆኖ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በራቸው ላይ ቆሜ "ጉዳዬን ሳይሰሙ አልቀመጥም!" አልኩ።

"ተቀመጥ ባክህ፣ ጉዳይህን አገር ሰምቶታል" አሉኝ።

በቅል ጨሞ ተሰጠኝ። የቡና ቅጠል ከሚጥሚጣና ከዝንጅብል ጋር የተፈላ ነው፤ ይህኛው ደግሞ ሌላ የማላውቀው ሽታም አለው። አንድ ጊዜ ስጎነጭለት ዓይኔ እንባ ሞላ። ስለ ቡና ቅጠል ባሕርይ አንድ ነገር ለመናገር አፌን ከፈትኩና… ሠናይት ትዝ አለችኝ። ሌላ ጉንጭ ጨመርኩበት።

አባባ ወልዴ ዓይናቸውን አልነቀሉልኝም። "ቄሱን ጠይቄያለሁ። የባሕርም ይሁን የየብስ ሣር ሣር ነው ብለውኛል። ሐጂም ይቅር ብለዋል፤ የአፍንጫውን ነገር ግን አልረሳም ነው የሚሉት።"

"እግዜር ይስጥልኝ አባባ!"

"ጨሞው ጣፈጠህ?"

"በጣም!"

"ምን ምን እንደገባበት ልንገርህ?"

"ኧረ በማርያም! አይንገሩኝ!"

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። "አሁን ገባህ። በል ሂድና ልጅቷን ወስደናል ብለዋል በላቸው… ይህንኑ ብቻ!"