ሞራ ገፈፋ

ውድነሽ የሚለውን ስም ያወጡላት አጎቷ ጋሽ ይሁኔ ናቸው። እናቷ እሷን ስትወልድ አረፈች፤ ሕፃኗን ከነመታቀፊያዋ የተቀበሏት የእናቷ ወንድም እሳቸው ነበሩ። ቢቸና ላይ አማርኛ ያስተምሩ ነበር። በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የቀመሱት ነገር ደግሞ ከምላሳቸው አልለቀቀም። ጎረቤት መጥቶ «ውድ ማለት የተወደደች ነው ወይስ ዋጋዋ የማይቀመስ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ስታድግ ራሷ ትምረጥ» አሉት ይባላል።

አደገች። አዲስ አበባ ገብታ ተማረች፣ ጥቂት ጊዜ ቢሮ ተቀጠረች፤ ከዚያ ስልኳን ፊቷ አቁማ ልብስ ለብሳ መታየት መተዳደሪያዋ ሆነ። በኢንተርኔት ዊዲ ይሏታል። የሙያ ጓደኞቿ በቀይና በወርቅማ ሲያብለጨልጩ እሷ ድምቀት አትወድም ነበር። አጃ፣ አሸዋ፣ ወተት፣ የደረቀ ሣር፤ የእሷ ቀለማት እነዚህ ናቸው። ቤቷም እንደሷው ነው። ገርጂ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ግድግዳው ክሬም፣ ሶፋው ክሬም፣ ምንጣፉም መጋረጃውም እንደዚያው፤ ሥዕል የለ፣ አበባ የለ። ቪዲዮዋን ስትጨርስ ሁልጊዜ እጇን ደረቷ ላይ ታደርግና ለስለስ ባለ ድምፅ «ትንሽ ይበቃኛል» ትላለች። ሰው ይህን ቃሏን ወደደላት።

ችግሩ ግን፣ በአንድ ልብስ «ትንሽ ይበቃኛል» ካለች በዚያው ልብስ ደግማ ልትለው አትችልም፤ አንዴ ያየው ሰው አልፏት ይሄዳል። ስለዚህ ትንሽ ይበቃኛል ለማለት ብዙ ያስፈልጋት ነበር። አንዱን ትገዛለች፣ ሌላውን ነጋዴዎች ይልኩላታል። የመጣው ሁሉ የሚገባው ከመታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ወዳለች አንዲት ክፍል ነው። ሰው ሲጠይቃት «ዕቃ ቤት ናት» ትላለች፤ በሯንም ትቆልፋለች። ሳሎኑ እንዲያ ባዶ ሆኖ የሚያምረው ያቺ ክፍል ስለሞላች ነበር።

ጋሽ ይሁኔ ጡረታ ከወጡ በኋላ ዐይናቸው እየደከመ ሄደ። መጀመሪያ ፊደል ጠፋቸው፣ ቀጥሎ የሰው መልክ። ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አሏቸው። ውድነሽ ይህን የሰማች ዕለት የያዘችውን ሁሉ ትታ ቢቸና ወረደች፤ ራሷ ደግፋ አመጣቻቸው። እንኳን ዐይናቸውን፣ ሳላቸውን ሰምታ እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ ናት።

ከሳሎኑ ሲገቡ በከዘራቸው ወለሉን፣ በመዳፋቸው ግድግዳውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ደግ ቤት ነው፤ የሚያደናቅፍ የለበትም» አሉ። ውድነሽ ደስ አላት፤ ብዙ ሰው ቤቷን አመስግኖላታል፣ ይሄኛው ምስጋና ግን ጣማት።

ከፊት ለፊቱ በር የምትኖረው ጎረቤቷ እትዬ ብርቄ እንኳን ደህና መጡ ልትል ገብታ ስለ ልጅቱ ዝና ስታወራላቸው ዋለች። ይህን ያህል ሕዝብ ይከተላታል፣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ያውቋታል አለቻቸው። ጋሽ ይሁኔ ወደ ውድነሽ ድምፅ ዞሩ።

«ሰው ይከተልሻል አሉ። ወዴት እየሄድሽ ነው?»

ውድነሽ ሳቀች።

ቀድሞ የተሠራው የቀኝ ዐይናቸው ነበር። ሐኪሟ ዶክተር ምሕረት ገና ወጣት ናት፤ እጇ እንደ ላባ የቀለለ። ቀዶ ሕክምናው እንደተሳካ ነግራ፣ ዐይኑ ታሽጎ እንዲቆይ፣ እንዳያጎነብሱና ከሁሉም በላይ ምንም ነገር እንዳይመታቸው አስጠንቅቃ ላከቻቸው። ግራው ዐይናቸው እንደሆነ ከጥላ በቀር የሚለየው የለም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የውድነሽ ስልክ ጠራ። ዕቃ አድራሽ ነው፤ ሞተሩን ሕንፃው ሥር አቁሞ ይጠብቃታል። የመጣው ካፖርት ነበር፣ የአጃ ቀለም ያለው። ከዚያ በፊት የመጣው የአሸዋ ነበር። «ጋሽዬ፣ መጣሁ፤ ከተቀመጡበት እንዳይነሱ» ብላ ወረደች። ሞተረኛው ከማድረሻው ሂሳብ መልስ የሚሆን ዝርዝር ስላልነበረው ጥቂት አስቆማት። እሷም በዚያው የካፖርቱን መጠቅለያ ከፈት አድርጋ በፀሐይ አየችው፤ ከአሸዋው ጋር ልዩነቱ ይታይ እንደሆነ።

ጋሽ ይሁኔ ሽንት ቤት ፈለጉ። ልጅ መጥራት አፈሩና ተነሥተው በዳበሳ ሄዱ። ጠዋት ለቀረጻ ሹራብ ያወጣችበት የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እበሩ ላይ ቀርቶ ነበር። እጀታውን ሲጫኑት እሺ አላቸው፤ ገቡ፤ ግድግዳ መስሏቸው ደገፍ ያሉት የካርቶን ክምር ሆነ። ክምሩ ሌላውን ክምር ጠራው። የጫማ ካርቶን ጠርዝ የታሸገውን ዐይናቸውን መታቸውና ከሹራብና ከሱሪ ሥር ተቀመጡ።

ውድነሽ ካፖርቱን ታቅፋ ስትገባ ያገኘቻቸው እንዲህ ሆነው ነው። ነጭ ጠጉራቸው ብቻ ከአንድ ቀሚስ ሥር ብቅ ብሏል።

«ውድዬ፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከበላዬ ያለው ሱቅ ፈረሰ መሰለኝ።»

ልትስቅ አፏን ከፈተች። እሽጉ ላይ ደም አየች።

ዶክተር ምሕረት አይታ ፊቷ ጠቆረ። ዐይኑ ውስጥ ደም ፈሷል፣ ደሙ ተመጥጦ እስኪያልቅ ታሽጎ ይቆያል፣ እስኪከፈት ድረስ ያያሉ አያዩም ለማለት አልደፍርም አለች። የቀሩትን ቀናት ውድነሽ ቪዲዮ አልሠራችም። ዊዲ የት ጠፋች የሚሉ መልእክቶች ስልኳን ሞሉት፤ ደፍታ አስቀመጠችው። እግራቸው ሥር ተቀምጣ ጋዜጣ ታነብላቸዋለች፤ ሐሳቧ ግን ካርቶኑን ማን ከመረው የሚለው ላይ ነው። ከምንባቡ መሐል አንድ ቀን አቋረጧት።

«ያቺ ክፍል የማን ናት?»

«የኔ ናት ጋሽዬ።»

«ይሄ ሳሎኑስ የማን ነው?»

የጋዜጣውን ገጽ ገለበጠች። እሳቸውም አልደገሙትም፤ «አንብቢ» አሏት።

እሽጉ የተፈታ ዕለት ጋሽ ይሁኔ ዐይናቸውን ገልጠው፣ ጨፍነው፣ ደግመው ገለጡ። የዶክተሯን አረንጓዴ ልብስ አዩ። አንገቷ ላይ ያሰረችውን ብርቱካናማ ሻሽ አዩ። ትንፋሽ ወስደው «ልጄ፣ በእኛ አገር ሞራ ገላጭ የሚባለው የሚመጣውን አያለሁ ብሎ ገንዘብ ይበላል፤ አንቺ ግን ያለውን አሳየሽኝ» ብለው እጇን ሳሙት። ከዚያ ውድነሽን ጎንበስ በይ አሏት። ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ፤ ካዩት ዓመታት አልፈዋል።

«እናትሽን መስለሻል» አሉ።

በመመለሻቸው መኪናው ውስጥ እንደ ሕፃን ነበሩ። የአውቶቡሱን ቢጫ፣ የቲማቲሙን ክምር፣ የአንዲት ተማሪ ሰማያዊ ሸሚዝ እየጠቆሙ ስም ይሰጣሉ። ሾፌሩ ሳይቀር አብሯቸው ይስቃል። ቤት ደርሰው በሩ ሲከፈት ግን ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«መብራት ጠፋ?»

«ኧረ ቀን ነው ጋሽዬ፣ መጋረጃውም ተከፍቷል።»

«እሺ» ብለው ገቡና ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ግድግዳውን አዩ፣ ምንጣፉን አዩ፣ ወደ እሷ አዩ፤ የወተት ቀለም ሹራብ ነበር የለበሰችው። እጃቸውን እፊታቸው አገላብጠው ተመለከቱና ጉልበታቸው ላይ መለሱት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጨዋታቸው ጠፋ። ያምዎታል ወይ ስትላቸው ደህና ነኝ ይላሉ። ቁርስ በልተው ይወርዳሉ፣ ለምሳ ይመጣሉ፣ ደግሞ ይወርዳሉ። ውድነሽ ያስቀየምኳቸው ነገር ቢኖር ነው፣ በካርቶኑ አዝነውብኝ ነው ብላ ስትብሰለሰል፣ እትዬ ብርቄ ነገሩን ነገረቻት። አጎትሽ ሕንፃው ሥር ካለው የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ፊት ቆመው ይውላሉ፤ አይገዙ፣ አይጠይቁ፤ ሳፋና ባልዲ እያዩ ብቻ ነው፤ ባለሱቁ ግራ ገብቶታል አለቻት።

ወረደች። እውነትም ቆመዋል። ቀይ ሳፋ፣ ሰማያዊ ሳፋ፣ አረንጓዴ ጆግ፣ ቢጫ ባልዲ እስከ ጣራ ተደራርቧል፤ እሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ከአንዱ ወደ አንዱ ዐይናቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ከንፈራቸው ቀስ እያለ ይናገራል። ቀረብ ስትል ሰማቻቸው፤ ቀለማቱን በስማቸው እየጠሩ ነው።

«ጋሽዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

እንደ ተያዘ ተማሪ ደነገጡ። ካላወጡት የማትለቃቸው መሆኑን ሲያውቁ ቀስ ብለው አወጡት።

«እዚህ ስወርድ አያለሁ። ቤት ስገባ ሁሉም ነገር መልኩ ይጠፋብኛል፤ የበፊቱ ሞራ ተመልሶ ይጋረድብኛል። አንቺ በካርቶኑ ነው ብለሽ ራስሽን እንዳትበዪ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አንዳንዴ ደግሞ ሙሉ ለሙሉ ሳይጠፋ ልጠግበው ብዬ እዚህ እቆማለሁ።»

ውድነሽ መጀመሪያ ሳቅ ያዛት። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። ክንዳቸውን ይዛ፣ ባለሱቁም አላፊ አግዳሚውም እያያት አለቀሰች። ይህ ሰው ብርሃኑ እየጠፋ መስሎት፣ ለእሷ ሲል በዝምታ ሲሰናበተው መሰንበቱ አንጀቷን በላው።

«ዐይንዎ ደህና ነው ጋሽዬ። ምንም አልሆነም። ቤቴ ነው እንዲህ።»

«ቤትሽ?»

«እኔ ነኝ ያደረግኩት። ሆን ብዬ።»

ጋሽ ይሁኔ ሳፋዎቹን አዩ፣ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ቀና አሉ፣ ወደ እሷ ተመለሱ። ፊታቸው ከብዙ ቀን በኋላ ፈታ አለ።

«እንዲህ ከሆነማ ያቺን ዶክተር አንድ ቀን ምሳ እንጥራታ። ቤቱን ታየው።»

ያን ቀን ከሰዓት ክፍሏን አብረው ከፈቷት። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ እሷ እያወጣች እያሳየች። «ይሄስ?» ይላሉ፤ «አጃ» ትላለች። «ያኛውስ?» ይላሉ፤ «አሸዋ።» ግማሹ ዋጋው የተንጠለጠለበት ወረቀት እንኳ አልተቆረጠም፤ አንዳንዱን መግዛቷንም ረስታዋለች። ሳያሾፉባት፣ ሳይመክሯትም አንድ በአንድ ጣታቸውን እያሳለፉ ዳበሱት፤ «ጨርቁ ደግ ነው፣ ሰው ግን አልነካውም» ብቻ አሉ።

በማግስቱ ውድነሽ ስልኳን ከሳሎን አንሥታ እዚያች ክፍል ውስጥ አቆመችው። ክምሩን አሳየች። ለወራት «ትንሽ ይበቃኛል» ያለችው በዚህ ሁሉ ላይ ቆማ እንደሆነ ተናገረች፤ ድምጿ ሁለት ጊዜ ተቆረጠባት፣ ሆኖም ደግማ ሳትቀርጽ እንዳለ ለቀቀችው። አመስጋኝ አልጠፋም፤ ሰዳቢው ግን ይበዛ ነበር። አታላይ አሏት። ካፖርቱን የላከላት ነጋዴ ደውሎ ከእንግዲህ አንተዋወቅም አላት። ከሚከተላት ሕዝብ ብዙው ሌላ የሚከተለው ፍለጋ ሄደ። ማታውን ራት አልበላም ብላ ተኛች፤ ጋሽ ይሁኔም አላስገደዷትም፤ ብርድ ልብሱን ብቻ እግሯ ላይ አስተካከሉላት።

ልብሱ ወደ ጎረቤት ወጣ። የእትዬ ብርቄ ሴት ልጆች ወሰዱ፣ ዘመዶቻቸውን ጠሩ፣ እነዚያም ጓደኞቻቸውን። በዚያ ሳምንት የሕንፃው የልብስ ማስጫ ሁሉ የገብስ ማሳ መሰለ። ዘበኛው የአጃውን ካፖርት ደርቦ በር ላይ ሲቆም ሰው ባለሥልጣን መስሎት ሰላምታ ሰጠው። እትዬ ብርቄ ራሷ የአሸዋ ቀለም ሹራብ ለብሳ ወጥ ረጭታበት ስትስቅ ዋለች። ውድነሽ ከሰገነቷ ሆና ታያቸው ነበር፤ ያ ሁሉ ጨርቅ እሷ ላይ ሳለ እንዲህ ሲሞቅ አይታው አታውቅም።

የጋሽ ይሁኔ ግራ ዐይን በሰላም ተሠራ። ከሐኪም ሲመለሱ ከባለሱቁ ዘንድ ጎራ ብለው ቀይ ሳፋ ገዙና ከክሬሙ ምንጣፍ መሐል አስቀመጡት። «እንዳልደነግጥ ነው» አሉ። ውድነሽ አላነሳችውም።

የመሄጃቸው ቀን ሕንፃው ሥር ሊሸኛቸው የወጣ ሰው ብዙ ነበር። ውድነሽ ሻንጣቸውን መኪና ላይ ስትጭን፣ እትዬ ብርቄ ጋሽ ይሁኔን ወደ ጥግ ሳብ አደረገቻቸው። ልጅቱን ስለምትወዳት አሳስቧታል። ቤቱ ባዶ፣ ክፍሏ ባዶ፣ ተከታዩ ተበትኗል፣ ነጋዴው አኩርፏል፤ ይቺ ልጅ ከእንግዲህ በምን ልትኖር ነው፣ ምን አላት አለቻቸው።

ጋሽ ይሁኔ ወደ ውድነሽ አዩ። የሻንጣውን ዚፕ ለመዝጋት ተንበርክካ ትታገላለች፤ ጠጉሯ ተበታትኗል፣ ክርኗ አቧራ ነክቶታል፤ በመሐል ቀና ብላ ስታያቸው ፈገግ አለችላቸው። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ እትዬ ብርቄ ዞረው፣ ድሮ ተማሪ ፊት ኅብረ ቃል ሲፈቱ እንደሚያደርጉት፣ መጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ረገጥ፣ የመጨረሻዋን ለቀቅ አድርገው መለሱላት፦

«ልብስ አላት።»