ክብሪት የጠፋበት ክረምት

እሳት ዛሬ ክብሩ ቀንሷል። የምድጃውን ቁልፍ ጠምዘዝ ስታደርጉት ቦግ ይላል፤ ስትዘጉት እልም። ማንም አያመሰግነውም፣ ማንም አይደነቅበትም። እኔ ግን ድስት ሥር እሳት ሲያያዝ ሳይ እስከ ዛሬ ፍዝዝ ብዬ እቀራለሁ። ባለቤቴ «ምን ሆነሃል፣ እሳት አይተህ አታውቅም?» ትለኛለች። አይቻለሁ እንጂ! ስላየሁ አይደል የምፈዘው?

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፤ አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ባንድ ረድፍ በተደረደሩ የቀበሌ ቤቶች። እኔ ላጤ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ። ያን ክረምት ክብሪት ከቀበሌው ሱቅ ድራሹ ጠፋ። ላምባማ ከጠፋ ሰንብቷል። እንጨቱ እርጥብ፣ ከሰሉ እርጥብ፣ እኛም እርጥብ። ሲጋራ አጫሾች አፋቸው ላይ ሲጋራ ሰክተው፣ የሚያቀጣጥልላቸው ሰው ፍለጋ ሲዞሩ ይውሉ ነበር።

ታዲያ ረድፉ በሙሉ በማን እሳት ያበስል የነበረ ይመስላችኋል? በእትዬ ዘይነባ! እትዬ ዘይነባ የወሎ ሰው ናቸው፤ ባላቸው የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው፤ ደረቅ ከሰል ከመንገድ ያመጡላቸዋል። ማታ ፍሙን በአመድ ያዳፍኑታል፤ ጠዋት ገለጥ ሲያደርጉት ቀልቶ ይጠብቃቸዋል። ጎረቤት ሁሉ ገሉን ይዞ ይመጣና ሁለት ሦስት ፍም ይጭራል። ቶሎ የሚሄድ እንግዳ «እሳት ልትጭር ነው እንዴ የመጣኸው?» ይባል የለ? ይህን ያለ ሰው እትዬ ዘይነባ ቤት ደርሶ አያውቅም። ስንቷ ሴት ወሬ ይዛ ፍሟ ገሉ ላይ ከስሎባት፣ እንደገና ስትጭር አይቻለሁ።

አንዲት ሴት ብቻ እዚያ ደጅ አይደርሱም፤ የግድግዳ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ።

ጠቡ የድንጋይ ነው። አትሳቁ። ያኔ የሱቅ ወረፋ የሚያዘው በድንጋይ ነበር። ጎህ ሲቀድ ድንጋያችሁን ሱቁ ደጅ አስቀምጣችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ፤ ሱቁ ሲከፈት ድንጋያችሁ ያለበት ትቆማላችሁ። አንድ ቀን ዘይት መጣ ተባለ። እትዬ አስካለ ከሁሉ ቀድመው ድንጋያቸውን አኖሩ፤ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ደልደል ያለ። በዚያው ጠዋት የእትዬ ዘይነባ አንዱ ጉልቻ ተሰንጥቆ፣ ምትክ ፍለጋ ወጥተዋል። ሱቁ ደጅ ብቻውን የተቀመጠ ቆንጆ ድንጋይ አዩ። ገና ሰልፍ የለ፤ ምን ይጠርጥሩ? አንስተው ሄዱ።

እትዬ አስካለ ሲመለሱ ድንጋይ የለም። ድንጋይ ከሌለ ወረፋ የለም፤ ወረፋ ከሌለ ዘይት የለም። ድንጋያቸውን ያገኙት ከሰዓት በኋላ ነው፤ እትዬ ዘይነባ ቤት፣ ድስት ተሸክሞ። «ሌባ!» አሉ። «በድንጋይ?» አሉ እትዬ ዘይነባ። አለቀ። ከዚያ ወዲያ እትዬ አስካለ እሳት የሚጭሩት ብርቄ ከምትባል ጎረቤት ሆነ፤ ብርቄ የምትጭረው ደግሞ ከእትዬ ዘይነባ። እሳቱ ያው ነው፤ ኩርፊያ መንገዱን አስረዘመው እንጂ።

በፍልሰታ ጾም፣ ዝናቡ ዶፍ በሆነበት ቀን፣ የእትዬ አስካለ ልጅ ታምራት ከች አለ። ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ዓይኑን አይተው አያውቁም። ያመጣው የጦር መኪና ጭነት ሊያነሳ ባቡር ጣቢያው ገብቷል፤ ጭኖ ሲጨርስ ይዞት ይመለሳል። ለአንድ ምሳ ያህል ነው እንግዲህ። ልጁ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ «እማዬ፣ ሽሮ» አለ።

ምድጃው ግን ቀዝቃዛ ነው። ብርቄ ለቅሶ ልትደርስ ሳሪስ አቦ ሄዳለች። ሌላው ጎረቤት ቅዳሴ ነው፤ ቅዳሴ ሳይወጣ የማንም ምድጃ አይነድም። የሚጤሰው የእትዬ ዘይነባ ቤት ብቻ። እትዬ አስካለ ከማታ ፈረቃ ገብቼ የተኛሁትን እኔን ቀሰቀሱና ገል አስጨበጡኝ። ለራሴ ብዬ እንድጭር፣ ስማቸውን ግን እንዳላነሳ አስጠነቀቁኝ።

እትዬ ዘይነባ ገሉን አዩ፤ እኔን አዩ።

«አንተ ደሞ ለምኑ ነው?»

«ሻይ ላፈላ።»

«ስኳሩን ከየት አምጥተህ?»

ተያዝኩ።

«ይኼ የአስካለ እንስራ ገል ነው። ሲሰበር አብሬያት ነበርኩ። ምን ሆና ነው?»

ሁሉን ዘረገፍኩት፤ ልጁን፣ መኪናውን፣ ሽሮውን።

እትዬ ዘይነባ ጥደው የነበረውን አወረዱ። ለራሳቸው አንዲት ፍም ሳያስቀሩ፣ ያለውን ሁሉ አሮጌ ብረት ድስት ውስጥ ዛቁት። ከዚያ ሻሻቸውን ገፈው እጀታውን ያዙበትና ዝናቡ ውስጥ ገቡ። ድስቱ ላይ ጎብጠው፣ በጀርባቸው ዝናቡን እየተቀበሉ። እኔ ባዶ ገሌን ይዤ ከኋላ። ጠብታ በገባ ቁጥር ፍሙ ቸስ ይላል፤ ቀና ስል ግን ፊታቸው በወላፈኑ ቀልቷል። እሳት በዶፍ ዝናብ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁ።

እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ለልጁ ነው» አሉ እትዬ ዘይነባ፤ «ላንቺ አይደለም።»

እትዬ አስካለ መንገድ ለቀቁ። ሁለቱም ተንበርክከው፣ አንዷ በዚህ አንዷ በዚያ፣ እፍ አሉ። አመዱ ፊታቸው ላይ ቦነነ። እርጥቡ እንጨት ትንሽ አለቀሰና ተያያዘ። ሽሮው ገብቶ መንተክተክ ሲጀምር እትዬ ዘይነባ ብድግ ብለው ወጡ፤ ከጓሯቸው የቀጠፉትን ቃሪያና በብርጭቆ የያዙትን ዘይት ይዘው ተመለሱ። ዘይቱን ድስቱ ውስጥ አንቆረቆሩት።

«የድንጋይሽ ድርሻ ነው።»

እትዬ አስካለ ሳቃቸው አመለጣቸው። ወዲያው ደግሞ አለቀሱ። ጢሱ ነው አሉ።

ታምራት ሲበላ ሁለቱም ቆመው ያዩት ነበር። የመኪናው ጡሩምባ ሲጮህ የመጨረሻዋን ጉርሻ ውጦ፣ ሁለቱንም ስሞ ሮጠ። (አትጨነቁ፤ ልጁ ዛሬ አያት ሆኗል።) ድስቱ ውስጥ የቀረችው ለእኔ ደረሰች። ቅዳሴ ወጥቶ ነበር ወይ? እሱን አትጠይቁኝ። ከዚያ ወዲህ ሠርግ በልቻለሁ፣ ክርስትና በልቻለሁ። እንደዚያች ሽሮ ያለ ምግብ ግን አፌ ገብቶ አያውቅም።

ጳጉሜ ላይ ክብሪት መጣ። እትዬ አስካለና እትዬ ዘይነባ ጎን ለጎን ሆነው የሱቁ መስኮት ጋ ደረሱ።

«ቅደሚ» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«ኧረ በሞቴ፣ አንቺ ቅደሚ።»

«በአላህ!»

«በእመቤቴ!»

ከኋላ ያለው ሰው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ተቆጣ፤ በመጨረሻ አልፏቸው ገዛ። ከእሱ ኋላ ያለውም አለፈ፤ ከዚያም ኋላ ያለው። እነሱ ሲገባበዙ ክብሪቱ አለቀና መስኮቱ ተዘጋ። ተኳርፈው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ክብሪታቸውን ይዘው በገቡ ነበር። ዕርቅ ደም ያደርቃል ይባላል፤ ክብሪት እንደሚያሳጣ ግን ማንም አልነገረን።