ቤት የሚቀያይረው የሰልሚያ ሽንኩርት

(ቡታጅራ፣ የሀቢቡ ግቢ። ሀቢቡ አንድ ጭብጥ ችግኝ ከነሥሩ በእጁ አንጠልጥሏል። ጎረቤቱ ዑመይር አፉ የተቆረጠ፣ አፈር የሞላ ጀሪካን አቅፎ ቆሟል።)

ሀቢቡ፦ አታዘንብለው አልኩህ!

ዑመይር፦ እኔ አላዘነበልኩም፤ ግቢህ ነው ያዘነበለው።

ሀቢቡ፦ ወላሂ፣ አንተ ባትኖር ይሄ ችግኝ እስካሁን ጣሪያ ነክቶ ነበር።

ዑመይር፦ ሽንኩርት ጣሪያ ይነካል እንዴ?

ሀቢቡ፦ ተራ ሽንኩርት መሰለህ? የቅጠል ሽንኩርት ነው! ቅጠሉን በመቀስ ቆርጠህ እንቁላል ላይ ትነሰንሳለህ፤ እሱ ተመልሶ ያድጋል። ሚስቴ ሰልሚያ ወልቂጤ ካለችው እህቷ ያመጣችው ነው።

ዑመይር፦ ታዲያ ባለበት ለምን አንተወውም? መጀመሪያ ጣሳ ውስጥ ነበር። ከዚያ ባልዲ ገባ። ከባልዲ ወደ አሮጌ ድስት። ዛሬ ደግሞ ጀሪካን። እኔ'ኮ ከተወለድኩ ይሄን ያህል ቤት አልቀየርኩም።

ሀቢቡ፦ የእንሰት አገር ልጅ ሆነህ እንዲህ ትላለህ? እንሰት ሳይዛወር ያድጋል? አባቴ እየነቀለ፣ ቅጠሉን እየመለመለ፣ ቦታ እየቀያየረ ነው እንሰቱን ቤት የሚያክል ያደረገው።

ዑመይር፦ እሱስ ልክ ነህ። እና ይሄም ሲደርስ ቆጮ ይወጣዋል?

ሀቢቡ፦ (አሰብ አድርጎ) ትንሽ።

ዑመይር፦ ክትፎውን እኔ ልያዝ?

ሀቢቡ፦ ቀልዱን ተው! ሰልሚያ ዛሬ ከቤተሰቦቿ ዘንድ፣ ከአገና ትመለሳለች። ስትሄድ ያለችኝን ታውቃለህ? «ሽንኩርቴ ጠፍቶ ካገኘሁት፣ በመጣሁበት ሚኒባስ እመለሳለሁ።» ዶሮዎቿን «ሩጫ እንቁላል ያበዛል» ብዬ ካሯሯጥኳቸው ወዲህ እምነት የሚባል ነገር የላትም።

ዑመይር፦ ምን አሰጋህ? ለምልሟል'ኮ።

ሀቢቡ፦ እየው እስቲ! እንዴት ያለ አረንጓዴ ነው!

ዑመይር፦ (አጎንብሶ እያሸተተ) ግን ሽንኩርት ሽንኩርት አይልም።

ሀቢቡ፦ መንገድ በዝቶበት ነው። አረፍ ሲል ይሸታል።

ዑመይር፦ ቅጠሉስ እንደ ቀጭን ቱቦ ክፍት መሆን አልነበረበትም? ይሄ ጠፍጣፋ ነው።

ሀቢቡ፦ ቤት ሲቀይር ተጨፍልቆ ነዋ!

(የዑመይር በግ በክፍቱ በር ሰተት ብሎ ይገባና ችግኙን ከሀቢቡ እጅ ይመነጭቃል። ከነሥሩ እያኘከ ነው።)

ሀቢቡ፦ ያዘው! ያዘው! ትዳሬን በላው!

ዑመይር፦ ተረጋጋ። የእኔ በግ የቅጠል ሽንኩርት አይበላም።

ሀቢቡ፦ ሲውጥ እያየኸው?

ዑመይር፦ የዋጠው ሣር ነው። ያኔ ከጣሳ ወደ ባልዲ ስታዛውር «አረሙን ነቀልኩት» ብለህ በአጥር ላይ ወደ እኛ አልወረወርክም? ለበጉ ሰጠሁት፤ ቀምሶ ተፋው። አንስቼ ባሸትተው፣ ሽንኩርት! አንተ ሽንኩርቱን ጥለህ ሣሩን ነው ስታዛውር የከረምከው።

ሀቢቡ፦ ሽንኩርቱስ? አለ?

ዑመይር፦ እኛ በረንዳ ላይ፣ በተሰነጠቀ ሳፋ ውስጥ። ተከልኩት፣ ውሃ አጠጣሁት፣ ተውኩት። አሁን ጎፈሬ አክሏል።

ሀቢቡ፦ አምጣዋ! ሳትደርስብኝ አምጣው!

ዑመይር፦ ደርሳለች። እኛ ቤት ከባለቤቴ ከፈቲሀ ጋር ተቀምጣ እንቁላል ላይ እየከተፈችው ነው።

ሀቢቡ፦ ያ አላህ! በዚያው ሚኒባስ ልትመለስ ነው?

ዑመይር፦ ኧረ ሽንኩርቷን አግኝታ ምን ያስመልሳታል? «ሀቢቡ እንዳይበላሽ ብሎ አደራ ሰጠኝ» አልኳት። መረቀችህ። ባሌ ልብ ገዛ ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

ሀቢቡ፦ (ጀሪካኑ ላይ ዘፍ ብሎ) ቆይ… ይሄን ሁሉ እያወቅህ፣ ሳዛውር ስትይዝልኝ፣ ሳጠጣ ውሃ ስታቀብለኝ፣ ለምን ዝም አልከኝ?

ዑመይር፦ (በጉን በገመድ እየጎተተ) በዚህ በጋ ለበግ ሣር እየኮተኮተ የሚያሳድግልኝ ሰው ከየት አመጣለሁ ብለህ ነው?