የልጄ ሳል

የልጁን ሳል የሚፈራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እፈራለሁ፤ በሽታውን ሳይሆን ትርጉሙን።

እዚህ ልደታ ሰፈር፣ ቴአትር አይቶ የወጣ ሁሉ ተርጓሚ ነው። ልጄ ሰላም ስለ አንድ ንጉሥ በሚያወራ ቴአትር ላይ ትጫወታለች። ባለፈው ጉንፋን ይዟት ነበርና፣ ንጉሡ «ሕዝቤ ጠግቧል!» ብሎ ሲናገር ሳል አጣደፋት። በቃ! በማግስቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ክርክሩ ተጀመረ።

«መንግሥት ላይ ነው የሳለችው!» አሉ ጎረቤታችን ጋሽ በቀለ።

«ኧረ ተቃዋሚዎቹ ላይ ነው!» አለ ከኋላ አንዱ።

«ጋሼ፣ ጉንፋን ነው! ዳማከሴ ጨምቄ ያጠጣኋት እኔ ነኝ» ብላቸው፣ በዓይናቸው ጠቀሱኝ።

«ጎበዝ! መልስ እንዲህ ነው። ልጅቷ በማን እንደወጣች አሁን ገባኝ።»

ኧረ በማርያም! ሰዎቹ እኮ እያደነቁ ልጄን ሊያሳስሩብኝ ነው። ደግነቱ ጉንፋኑ ለቀቃትና እሑድ አንዴም ሳትስል ተጫውታ መጣች። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ በቀለ የእድራችንን ሰዎች አስከትለው፣ ብርቱካን ይዘው ቆመዋል።

«አይዞሽ እህቴ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «አስፈራርተዋት ነው፣ አይደል?»