ኦርቪል ሦስት ተስፈኞችን በአንድ ክንድ የለወጡበት ዜና

ኦርቪል ስታንቻክ ዘሄርሊን፣ የኦሃዮ ፀሐይ፣ የሣር ማጨጃ ጌታ፣ በጋራዡ ጉባኤ በተቀመጡ በዘጠነኛው፣ የዶሮ ልብስ በለበሱ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ሐምሌ እንዲህ ሆነ።

የዚህ ጉባኤ ወንዶች በስም ብቻ የቤዝቦል ቡድን የሚገዙ፣ እውነተኞቹ ተጫዋቾች በሜዳ በሠሩት ልክ ነጥብ የሚቆጥሩ ናቸው፤ ነጥቡ ከሁሉ ያነሰውም በከርሞው የነፃነት በዓል ሰልፍ ዶሮ ሆኖ በከተማው መካከል ያልፋል። ኦርቪልም ሁለት ጊዜ አልፈዋል፤ የከርሞው ፍርሃት ግን ከቀድሞው ባሰ፤ ልጃቸው ማርሊስ በትምህርት ቤቷ የሙዚቃ ባንድ ውስጥ መለከት ልትነፋ ተመርጣለችና፣ ባንዱም በሥርዓቱ ከዶሮው ኋላ ይሄዳልና። እርሷም በእራት ላይ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «አባዬ፣ ዶሮው አንተ ከሆንክ እኔ ባንዱን እተዋለሁ።»

በዚያም ወራት የባለቤታቸው የኮሪን ወንድም ዱዌይን፣ እርሱም ከጉባኤው አንዱ፣ በቡድኑ ውስጥ ኳሱ ከፍጥነቱ የተነሣ ለዓይን የማይታይ ኬሊን ሩክ የተባለ ለጋ ወርዋሪ ነበረው። በእርሱም ፈንታ የኦርቪልን ሦስት ተስፈኞች፣ ገና ለትልቁ ሜዳ ያልደረሱ ልጅ ተጫዋቾችን፣ ጠየቀ፤ እነርሱም ፈጣኑ ኤሚሊዮ፣ ክንደ ብርቱው ታከር፣ ገና ጢም ያላበቀለው ዴሾን ናቸው። ኦርቪልም በሣር ማጨጃ መኪናቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሣሩ ካለቀ በኋላ እንኳ እየዞሩ፣ ነገሩን መዘኑ። ልጆቹ ቢሄዱ ከርሞ ምን ይተርፋል፣ ባይሄዱ ዘንድሮ ማን ያድናል አሉ። ኮሪንም የወርዋሪ ክርን እንደማይታመን አስጠነቀቀች። እርሳቸው ግን የልጃቸውን መለከት አስበው ቆረጡ።

የጉባኤው ሥርዓት እንዲህ ነው፦ ለዋጭ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ወንድሞቹ መልሶ ያውጃል፤ ሌላው «ተቀብያለሁ» ካለ መመለስ የለም። ኦርቪልም በእሑድ ከሰዓት፣ ቋሊማው እየተጠበሰ፣ ሩክም በቴሌቪዥኑ እየወረወረ ሳለ ተነሡ።

«ስሙኝ» ሲሉ አወጁ፣ «ሦስቱን ልጆቼን ሰጥቼ ሩክን ወስጃለሁ።»

ይህን ሲሉ ከጀርባቸው ሩክ ወረወረ፤ ወዲያውም ክርኑን ይዞ በጉልበቱ ወደቀ። ጉባኤው ሁሉ አየ፤ አንድም ሰው አልተነፈሰም። ኦርቪልም ዝምታውን አክብሮት መስሏቸው አዋጁን አስረዘሙ፤ ስለ ሩክ ክንድ ጽናትና ስለሚመጣው ክብር ብዙ ተናገሩ። ዱዌይን ቴሌቪዥኑን አየ፣ የእህቱን ባል አየ፣ ፊቱም ቀላ።

«ተቀብያለሁ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ያን ጊዜ ኦርቪል ዞሩ። ባልደረቦቹ ሩክን ደግፈው ከሜዳ እስኪያወጡት ድረስ ቆመው አዩ፤ ኮፍያቸውንም መልሰው አደረጉ።

«አይተህ ነበር?» ሲሉ ዱዌይንን ጠየቁት።

«አይቼ ነበር።»

«እኔም ብሆን ዝም እል ነበር» አሉ፣ ቋሊማቸውንም አንሥተው በሉ። ከዚያ ወዲያ እስከ ወቅቱ ፍጻሜ ከሁሉ በታች ሆኑ።

ሰልፉም በደረሰ ጊዜ ኦርቪል ላባቸውን ለብሰው፣ ልጃቸው እንደማትመጣ አውቀው፣ ወደ ኋላ ሳያዩ ቆሙ። ማርሊስ ግን መለከቷን ይዛ መጥታ ከኋላቸው አወጀች፦ «አባዬ፣ እንዳትሮጥ። እግርህን ከከበሮው ጋር አድርግ።»

እርሳቸውም አደረጉ። ሦስት ጊዜ ዶሮ የሆነ ከእርሳቸው በፊት በሄርሊን አልተነሣም፤ ጉባኤው እንደሚመሰክረውም፣ እያለቀሰ ምት ያልሳተ ዶሮ ከእርሳቸው በቀር የለም።