ስልክ የፈረደብኝ መዝሙር

እውቀት ወደ ፊት ሲገሰግስ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚቀር አንድ ሰው አለ፤ ባለቤቱ። ይህን የምለው ሳይንስ ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። እዚሁ አሰላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሒሳብ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ተማሪ ሁሉ «ቲቸር፣ ይሄ ነገር ኋላ ምን ይሠራልናል?» ይለኝ ነበር። እኔም «ትደርሱበታላችሁ» ብዬ አልፋለሁ። ምን ላድርግ፣ መልሱን እኔም አላውቀውማ! አሁን ግን ደረስኩበት። ሒሳብ የሚሠራው ዜማዬን ከእኔ ነጥቆ ለሌላ ሰው ለመስጠት ነው።

ሁሴን የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ ፊዚክስ ያስተምር ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው የዓለምን ምርምር እያነበበ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ለእኔ ማብሰር ነው። አንድ ብርዳም ጠዋት ማኪያቶዬ ሳይቀርብ የምሥራቹን ዘረገፈው። የሒሳብ ሊቃውንት ዜማን ወደ ቁጥር ለውጠው ከሌላ ዜማ ጋር የሚያስተያዩበትን መላ አራቀቁት አለ። መሬት ውስጥ የተቀበረው ፋይበር፣ ያ ብርሃን የሚመላለስበት የመስታወት ክር፣ ድሮ ከሚችለው እጅግ የበለጠ መሸከም ጀመረ አለ። ስለዚህም ስልክህ ላይ ብታንጎራጉር የማን ዘፈን እንደሆነ ወዲያው ይነግርሃል አለኝ።

ፋይበር ሲል ሳቄ መጣ። ባለፈው ክረምት በዲክሲስ መንገድ አንድ ሌባ መዳብ መስሎት ቆፍሮ ቆረጠውና፣ እሱም ባዶ እጁን ሄደ፣ እኛም ኔትዎርክ አጥተን ሰነበትን። ያኔ ከሰው ጋር ሆኜ ረግሜዋለሁ። ዛሬ እርግማኔን አንስቻለሁ።

ሁሴን እስቲ አንድ ነገር አንጎራጉርና እንየው አለኝ። ምን ላንጎራጉር? የራሴን ነዋ። ወደ አሰላ ከመዛወሬ በፊት ጢቾ ሳስተምር፣ ባለቤቴ አስቴር ታማ ተኝታ ሳለች፣ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ አንድ መዝሙር አወጣሁላት። ሦስተኛው ስንኝ መሃል ላይ ሳል ያዛትና ቆም አልኩ። ሲለቃት ቀጠልኩ። «እንደዚያው ተወው፤ እዚያ ጋ እኔም አለሁበት» አለችኝ። ተውኩት። ልጃችን ሐና ገና ዳዴ ሳትል አስቴር አረፈች። ሐናን ያሳደግኳት በዚያ መዝሙር ነው፤ ከእናቷ የቀረላት ውርስ እሱ ነበር። በዚያ ሰሞን በተቃረበው ሠርጓ ላይም የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን እንዲዘምሩላት የፈለገችው እሱኑ ነው።

አንጎራጎርኩ። እዚያች ቦታ ላይ እንደ ልማዴ ቆም ብዬ ቀጠልኩ። ስልኩ ትንሽ አሰበና ፈረደ። መዝሙሩን አውቆታል፤ ግጥምና ዜማ ግን የቶሎሳ ነው ይላል። ቶሎሳ ማለት ጢቾ መዘምራን ውስጥ አጠገቤ ይቆም የነበረ፣ መዝሙሩን ከአፌ የተማረ፣ ኋላ አዲስ አበባ ገብቶ ካሴት ያወጣ ሰው ነው። ካሴቱ ሰሚ ሳያገኝ ስለቀረ እኔም ሰምቼው አላውቅ። ሰው የረሳውን ሁሉ ያ መሣሪያ አልረሳም። ከፍተን አዳመጥነው። አስቴር ያሳለችበት ቦታ ላይ ከበሮ ተመትቶበታል።

ሁሴን ጭንቅላቱን እያከከ፣ መሣሪያው እኮ የሚሠራው በቁጥር ነው አለኝ። ቁጥር አይዋሽም እያልኩ ይህን ከተማ ያሳመንኩት እኔው ነኝ።

በዚህ መሃል ሐና ለሠርጉ ዕቃ ልንገዛ ስለነበር ልትወስደኝ መጣች። ሁሴን በቅን ልቡ ስልኩን ሰጣት። ያ የዲክሲስ ሌባ ገመዱን መቁረጥ የነበረበት ይኼኔ ነበር፤ ሌባ ደግሞ ሲፈለግ አይገኝም።

ሰማችው። ስለ ጢቾ፣ ስለ ቶሎሳ፣ ስለ ሳሉ አስረዳሁ። አንዱን ሁለቴ ነገርኳት፣ ሌላውን ዘለልኩት። እውነተኛ ሰው ሲርበተበት ከቀጣፊ በምን ይለያል? ምስክሬ አንድ ሳል ነው፤ የሳለችውም የለችም። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ነው፤ አባት ከአጠገብ ነው፣ ስልኩ ግን ከባሕር ማዶ ነው የሚናገረው። ያ ብርሃን ባሕር ተሻግሮ እስኪመለስ አንድ የበቆጂ ሯጭ የጫማውን ክር አስሮ አይጨርስም። እውነት ግን ዛሬም ከጢቾ በእግሯ ነው የምትመጣው፤ ይኸው እስካሁን አልደረሰችም።

ሐና አልተቆጣችኝም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እጄን ይዛ፣ ሁሴን እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ግድ የለም አባዬ። ከሰው ወስደህም ቢሆን ለእማዬ መዘመርህ ይበቃል» አለችኝ።

ቶሎሳ የወሰደብኝ ዜማ ነው፤ ይኼኛው ይቅርታ ግን ሁሉንም ወሰደው።

የሠርጉ ቀን መዘምራኑ ድንኳኑ ውስጥ ተሰለፉ። መሪያቸው ከሐና ሰምቶ ኖሮ፣ ከመጀመራቸው በፊት የቶሎሳን ስም ጠርቶ ስለ ጸጋው እግዚአብሔርን አመሰገነ። ሰዉ አሜን አለ፤ እኔም የሙሽራ አባት ነኝና አሜን አልኩ። ሦስተኛው ስንኝ መሃል ሲደርሱ ከበሮው ሳይቀድመኝ ጮክ ብዬ ሳልኩ።

አጠገቤ የነበረው ሁሴን፣ ይሄ የአሰላ ብርድ አይጣል ነው ብሎ ጋቢውን ደረበልኝ።